የጅብ እንስላል

ሮቤራ ሞተር ብስክሌቱን ጉድጓድ ሳይመርጥ ይነዳል። ክላሹን ደረቱ ላይ ስላነገተው ኮረኮንቹ ሞተሩን ባነጠረው ቁጥር ሰደፉ ከነዳጅ ጋኑ ጋር ይጋጫል። ከኋላው የተፈናጠጠችው ዱሬቲ በአንድ እጇ የሕክምና ቦርሳዋን፣ በሌላው የጃኬቱን ጫፍ ጨብጣለች። «ቀስ በል» ብላው ነበር። አልሰማትም፤ ወይም መስማት አልፈለገም።

«ስንት ከብት ነው የሞተው?» ብላ ጆሮው ሥር ጮኸች።

«የቀረውን ብትጠይቂ ይቀላል።»

«ምን ሆነው?»

«ደም! በአፍንጫ ደም፣ በኋላ ደም፣ ጡቱን ስትጎትቺው ደም። ኦቦ ደቻሳ ያን ሁሉ የወተት ላም ያረቡት ለዚህ ነው? መርዝ ነው፣ ዶክተር። ፉርሽካውን የሸጠውን ሰውዬ ይዘነዋል። አንቺ መጥተሽ ‹መርዝ ነው› ብለሽ መመለስ ብቻ ነው።»

«ሳላይ?»

«እይው። ካየሽው በኋላም የምትይው ያው ነው።»

ዱሬቲ የአምቦ ልጅ ናት። የእንስሳት ሐኪም ሆና እንጭኒ ከተመደበች ወዲህ የወረዳውን ላም ሁሉ በባለቤቱ ስም ታውቃለች። ለታመመ ከብት ሲጠሯት ግን በትጥቅ አጅበው የወሰዷት የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ጠዋት ቢሮዋ በር ላይ ሮቤራን ስታየው ሊለምናት ሳይሆን ሊይዛት የመጣ ሰው መስሏት ነበር።

ጊዜው ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሚያዝያ ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቷል። በየደጁ የጭድ ክምሩ አልቆ ክምሩ የነበረበት ክብ መሬት ብቻ ይታያል። የሚሄዱባት መንደር ቡርቃ ከጀርባዋ ሸንተረር አላት፤ ከሸንተረሩ ሥር መሬቱ ተሰብሮ ወደ ሙገር ገደል ይወርዳል። ጫካ የገቡ ታጣቂዎች ገደሉን ከያዙ ወዲህ የቡርቃ ሰው ከየቤቱ ጎረምሳ መርጦ ጠባቂ አድርጓል። የጠባቂዎቹ አለቃ የኦቦ ደቻሳ ልጅ ጉታ ነው። የጉታ ሕግ አጭር ናት፦ ከሸንተረሩ በታች የወረደ ሁሉ ለጫካዎቹ ስንቅ እንዳቀበለ ይቆጠራል።

ሕጓን መጀመሪያ የቀመሳት ዳዲ ነው። የጠፉ ሁለት ፍየሎች ፍለጋ ወርዶ ሲመለስ ጉታ ሸንተረሩ ላይ ጠብቆ ተኮሰበት። ዳዲ የሮቤራ ታናሽ ወንድም ነበር። ሮቤራ ወንድሙን ቀበረ፣ ሠልስቱን ተቀመጠ፣ ከዚያ ክላሹን አንግቶ ወደ ጥበቃው ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ የጠየቀው የለም።

የኦቦ ደቻሳ ግቢ ሲደርሱ ዱሬቲ መጀመሪያ ያየችው አይሱዙውን ነው። በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ጭነቱ ላይ የነበሩት ጆንያዎች በሳንጃ ተተልትለው ፉርሽካው እስከ በረቱ ደጃፍ ድረስ ተደፍቷል። ከዚያ ላሞቹን አየች። ጎናቸውን ይዘው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እግራቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ተኝተዋል። ዝንብ አፍንጫቸውን አጥቁሮታል።

ከሁሉም በኋላ ሰውየውን አየች።

አቶ ሀብተሥላሴ በእንጭኒ ገበያ ዳር ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የከብት ጨው የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው ያቀላጥፉታል። ከኦቦ ደቻሳ ጋር አበልጅ ናቸው። ጉታን በአርባ ቀኑ አቅፈው ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። አሁን ከበረቱ ግንድ ጋር ወገባቸው በጠፍር ታስሯል። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ከጆሯቸው የወረደው ደም ሸሚዛቸው ላይ ደርቋል። ጉታ ከመሬት ፉርሽካ በእፍኙ እያፈሰ አፋቸው ውስጥ ይጠቀጥቃል።

«ብላ! ላም የበላውን ብላ!»

«ልጄ…» ሳል አቋረጣቸው። ፉርሽካውና ደሙ አገጫቸው ላይ ተለወሰ።

ጉታ በሰደፉ ጎናቸውን መታቸው። ዱሬቲ አንድ ነገር ሲሰበር የሰማች መሰላት።

«ጉታ! አቁም!» ብላ ከሞተሩ ዘላ ወረደች።

ዞረ። ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ሰፊ ደረት ያለው፣ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ጎልማሳ ነው። «መጣሽ? ይኸውልሽ።» ከኪሱ የተቀደደ ቀይ ፓኮ አውጥቶ እግሯ ሥር ጣለላት። የአይጥ መርዝ ነው። «ከሱቁ ነው ያመጣነው። ከፉርሽካው ጎን፣ እዚያው መደርደሪያ ሥር ነበረ።»

«ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ይሸጠዋል» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ ትንፋሻቸውን እየለቀሙ። «አይጥ ጆንያውን ስለሚበላ ነው። ላሙ ቢሞት እኔ ምን አገኛለሁ? ለማን ልሸጥ ነው?»

«ዝም በል!»

«እኔ የተጠራሁት ከብት ልመረምር ነው» አለች ዱሬቲ። «እሳቸውን መጀመሪያ ከገደልክ የምርመራዬን ውጤት ለማን ልነግር ነው? ሳልጨርስ እጅህን አታንሳባቸው።»

ጉታ በጠባቂዎቹ ፊት ሴት ያዘዘችው መሆኑ ሳይከነክነው አልቀረም። ሆኖም ክላሹን ትከሻው ላይ መለሰ። «ቶሎ በይ።»

ኦቦ ደቻሳ በረቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መሬቱን ያያሉ። ዱሬቲ «ኦቦ ደቻሳ፣ ላሞቹ ምን ሲበሉ ሰነበቱ?» ስትላቸው ቀና አላሉም።

«ቤት ውስጥ ነው የዋሉት» ብሎ የመለሰላት እረኛቸው ዋቆ ነው። ዋቆ በዕድሜ ከኦቦ ደቻሳ ብዙ የማያንስ፣ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በዚያ ግቢ ከብት ያገደ ሰው ነው። «ጭድና ፉርሽካ። ሌላ የለም።» ይህን ሲል እጁን ከጋቢው በታች ደበቀ።

ዱሬቲ መጀመሪያ የፈራችው አባ ሰንጋን ነው። ደም በየቀዳዳው የሚወጣ ሬሳ አባ ሰንጋ ከሆነ፣ ሬሳውን በቢላ የከፈተ ሁሉ አለቀለት። «በድንገት ነው የሞቱት?» አለችው ዋቆን።

«ምን በድንገት! ሲጎተቱ ሰነበቱ እንጂ። መጀመሪያ መገጣጠሚያቸው አበጠ፤ ደረታቸው ሥር ውሃ የያዘ የመሰለ እብጠት ወጣ። ከዚያ አፍንጫቸው ነሰረ። ያቺ ቡሬ አሁንም ቆማለች።»

አባ ሰንጋ እንዲህ አያስታምምም። ዱሬቲ ወደ ቡሬ ሄዳ ጆሮዋን በመርፌ ጫፍ ወጋችው። የደም ጠብታ ወጣ። ጠበቀች። መድረቅ ሲገባው አልደረቀም፤ ጠብታው ጠብታ እየተከተለ በላሟ ጉንጭ ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ወረደ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር በልተዋል። የአይጥ መርዝ ደግሞ የሚገድለው ልክ እንዲህ አድርጎ ነው።

ወደ ግንዱ ዞር ብላ አየች። አቶ ሀብተሥላሴ ከፊቷ ላይ አንድ ነገር ለማንበብ ይሞክራሉ። ያየችውን በዚያች ደቂቃ ብትናገር ሰውየው እዚያው እንደታሰሩ ያልቁ ነበር።

«እከፍታታለሁ» አለች። «ዛሬ ጠዋት የሞተችዋ የትኛዋ ናት?»

ዋቆ አሳያት። እስከ ብብት የሚደርሰውን ጓንት አጥልቃ ቢላዋን አወጣች። ጠባቂዎቹ ቀረብ ብለው ከበቧት። ቆዳውን ስትተለትለው ከሥሩ የነበረው ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ጫማዋን አልፎ ፉርሽካው ላይ ሄደ። አንዱ ጠባቂ ፊቱን አዙሮ አስታወከ። ጨጓራውን ስትቀደው እንፋሎቱና ሽታው ሁሉንም ወደ ኋላ መለሳቸው። እሷ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ እያወጣች ጆንያ ላይ ዘረገፈች።

«ውሃ» አለች። ዋቆ ባልዲ አመጣላት።

የዘረገፈችውን አጠበችው። ፉርሽካው ጥቂት ነው። የቀረው አረንጓዴ ነው። በዚያ ወር በቡርቃ እንኳን ለከብት ለዓይን የሚሆን አረንጓዴ አልነበረም።

ዱሬቲ ጓንቱን አውልቃ፣ ተንበርክካ በጣቷ መለየት ጀመረች። እንደ ፀጉር የቀጠነ ቅጠል። ውስጡ ነጭ ስፖንጅ የመሰለ የግንድ ቁራጭ። ከአንድ ጫፍ ተነስተው እንደ ጃንጥላ ሽቦ የሚዘረጉ ቀጫጭን ዘንጎች፤ ጫፋቸው ላይ ያልታኘኩ ጥቃቅን ቢጫ አበቦች።

«እንስላል ነው» አለ አንዱ ጠባቂ ከትከሻዋ በላይ። «እናቴ አረቄ ውስጥ ትጨምረዋለች። እንስላል ደግሞ ማንን ገደለ?»

ሳቅ ተሰማ። ጉታ ግን አልሳቀም። «አየሽ? መርዙ ከፉርሽካው ነው።»

ዱሬቲ አንድ ቅጠል አነሳች። ተማሪ ሳለች አንድ አስተማሪዋ ክፍሉን ሁሉ ከጉደር በላይ ባለው ተዳፋት እየነዳ ቅጠል ያሸትታቸው ነበር። የካሮት ዘመዶች አታላዮች ናቸው ይል ነበር፤ እንስላሉም፣ ድንብላሉም፣ ነጭ አዝሙዱም አበባው የተዘረጋ ጃንጥላ ነው፤ አንዱ መድኃኒት ሲሆን ወንድሙ ገዳይ ነው። በመልኩ አትፍረዱ፤ ጭመቁት፣ አሽትቱት፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚጋጠምበትን እዩ። ቅጠሉን በጣቶቿ ጨምቃ አሸተተች። የጨጓራው ሽታ አለበት። ያልታኘከ ዘንግ መርጣ፣ ደጋግማ አጥባ፣ ሰብራ እንደገና አሸተተች። እንስላል ቢሆን ጣፋጭ ጠረኑ ያን ሁሉ ግማት አልፎም ይወጣ ነበር። ይህ የሙጫ ሽታ ነው ያለው። ከሥር ደግሞ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው፣ ግንዱን እንደ አፎት የሚያቅፍ የቅጠል ሽፋን አገኘች። እንስላል እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

አወቀችው። እርግጠኛ ስትሆን የተሰማት ደስታ ግን ዋቆን ቀና ብላ እስክታየው ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

ዋቆ ባልዲውን እንደያዘ ቆሟል። ውሃው በባልዲው ጠርዝ እየተንቀጠቀጠ እግሩ ላይ ይፈሳል። ዓይኑ ያለው ጆንያው ላይ፣ በቢጫዎቹ አበቦች ላይ ነው። ያን ጊዜ ዱሬቲ የገባት፣ ይህ ተክል በቡርቃ ሜዳ እንደማይበቅል ነው። ድንጋያማ ተዳፋት ይፈልጋል። ድንጋያማ ተዳፋት ያለው ደግሞ ከሸንተረሩ በታች ነው።

ከጀርባዋ አቶ ሀብተሥላሴ አቃሰቱ። ዝም ብትል እሳቸው ይሞታሉ። ብትናገር… ተክሉን ልናገርና ቦታውን ልተው ብላ ወሰነች።

«እንስላል አይደለም» አለች ተነስታ። «አሽትቱት። አንተ፣ የእናትህ አረቄ እንዲህ ይሸታል?»

ጠባቂው ተቀብሎ አሸተተ። «አ… አይ። ሙጫ ሙጫ ይላል።»

«የእንስላል ዘመድ ነው፤ ግን ደም ያቀጥናል። ሥሩ ከዓመት ዓመት መሬት ውስጥ ስለሚኖር ዝናብ ቢቀርም ያቆጠቁጣል። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ለምለም ነው፤ የራበው ከብት ያየዋል፣ ይበላዋል። ከአይጥ መርዙ ጋር አገዳደላቸው አንድ ነው፤ ለዚህ ነው የተሳሳታችሁት። ፉርሽካው ንጹሕ ነው። አቶ ሀብተሥላሴን ፍቷቸው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ስሙ ማነው?» አለ ጉታ።

«በአንዳንድ አገር ዶግ ይሉታል።»

ጉታ ጎንበስ ብሎ የግንዱን ቁራጭና የአበባውን ዘንግ አነሳ። ገለባበጠው። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«የጅብ እንስላል» አለ። «ይሄ የጅብ እንስላል ነው። ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። እኛ ስንቃኝ እየወረድን የተደበቅነው ከሱ ሥር ነው።» ቀና አለ። «ከሸንተረሩ በታች።»

ከዚያ ወደ ዋቆ ዞረ።

«የት ነው ያሰማራኸው?»

ዋቆ ወደ ኦቦ ደቻሳ አየ። ሌሎቹም ተከትለው ወደሳቸው አዩ። ሽማግሌው በትራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ዋቆ ጠበቃቸው። አንድ ሰው ለሌላው ሊሰጥ የሚችለውን ያህል ጊዜ ሰጣቸው። ከዚያ ባልዲውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ወርጄ ነበር» አለ። «ከብቱ በዓይኔ እያየሁት ሊያልቅ ሆነ። ራሴ ነኝ የወረድሁት። ጫካ ላሉት የሰጠሁት ነገር የለም፤ ሰውም አላየሁም።»

«ዋሽተህ ነበር።»

«ፈርቼህ ነው፣ ጉታ። አንተን ያልፈራ ማን አለ?»

«ሰውየውን እስካሁን ስንደበድበው አጠገባችን ቆመህ ነበር!»

«ቆሜ ነበር» አለ ዋቆ፤ አንገቱን ደፋ።

ጉታ ክላሹን ከትከሻው አወረደ፤ አልደገነውም። ሊወስን ያልቻለ ሰው መሰለ። ዋቆ ጉታን በልጅነቱ በጫንቃው ተሸክሞት የዞረ ሰው ነው። ያን ጊዜ ነው ሮቤራ ከሞተሩ አጠገብ የተናገረው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ዳዲ ለሁለት ፍየል ነው የወረደው።»

ጉታ አልዞረም።

«ይሄ በረት ሙሉ ላም ነድቶ ወርዷል» አለ ሮቤራ። «ለእናቴ ልጅ የሠራ ሕግ ለአባትህ እረኛ ሲሆን አይሠራም? ንገረኝ። አይሠራም ካልክ አሁኑኑ ልወቀው።»

ጠባቂዎቹ አለቃቸውን ያዩታል። ዱሬቲ «ዲሲ፣ ጉታ! ተወው!» ብላ ደም የነካ እጇን ዘርግታ ወደ ፊት ተራመደች። ሁለት እርምጃ አልሄደችም። የጉታ ክላሽ ጮኸ። ዋቆ እንደሚቀመጥ ሰው ባልዲው ላይ ወረደ፤ ባልዲው ተገለበጠ፤ እሱም በጎኑ ወደቀ።

«አኒቱ ኤርጌ!»

ኦቦ ደቻሳ ቆመዋል። በትራቸው ከእጃቸው ወድቋል። «አኒቱ ኤርጌ! እኔ ነኝ የላክሁት! ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልወርድም ብሎኝ ነበር! ምን አደረግህ? ምን አደረግህ፣ ጉታ?»

ጉታ አባቱን አየ። ከዚያ ሮቤራ ሊያደርግ ያለውን ከሁሉም ቀድሞ የተረዳው እሱ ነው፤ በአባቱና በሮቤራ መካከል ገብቶ ቆመ።

«ዞር በል» አለ ሮቤራ። ክላሹን ደግኗል። «ሕጉ ያንተ ነው። እኔ አላወጣሁትም።»

«አባቴ ነው።»

«ዳዲም ወንድሜ ነበር።»

ጉታ አፈሙዙን ማንሳት ጀመረ። ሮቤራ ቀደመው። ጥይቱ ጭኑ ላይ አገኘውና ጉታ ጮኾ ተዘረረ። ሮቤራ እላዩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ አፈሙዙን ግንባሩ ላይ አነጣጠረ። ጉታ ከመሬት ሆኖ ያየዋል፤ አልለመነውም። ምን እንደታየው እንጃ፣ ሮቤራ ክላሹን አወረደ፤ ሞተሩን እንዳቆመው ትቶ በእግሩ ከግቢው ወጣ። ወደ ሸንተረሩ ወጥቶ በማዶ ሲወርድ አዩት። አንድም ጠባቂ አልተከተለውም። ጠባቂዎቹ ራሳቸው ዱሬቲ ቀና ባለች ቁጥር ቁጥራቸው እየሳሳ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ማንም አልቀረም።

እሷ ዋቆ ላይ ተደፍታ ነበር። ጥይቱ ደረቱን ከፍቶታል። መዳፏን ቁስሉ ላይ ብትጫነውም በጣቶቿ መካከል አረፋ ያወጣል። ዋቆ አንድ ጊዜ ብቻ አያትና «ኡርጂን…» አለ። የሚስቱ ስም ነው። አልጨረሰውም።

«ዶክተር! ልጄ! ልጄ እየፈሰሰ ነው!» ይላሉ ኦቦ ደቻሳ።

ዱሬቲ ለአፍታ ላለመነሳት አስባ ነበር። ይህን ለማንም አልደበቀችም። ከዚያ ግን ተነሳች፤ የጥጃ ማሰሪያ ጠፍር አንስታ የጉታን ጭን ከቁስሉ በላይ አጥብቃ አሰረች፤ የበረት እንጨት አስገብታ ጠመዘዘችው። ጉታ እየጮኸ ራሱን ሳተ።

«ሐኪም ቤት ካልደረሰ አንድ ሰዓት አይቆይም» አለች። «መኪና ማን ይነዳል?»

የሚነዳ አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ኦቦ ደቻሳ ቢላዋዋን አንስተው ወደ ግንዱ ሄዱ። ጠፍሩን ሲቆርጡ እጃቸው እየሳተ ሁለት ጊዜ የራሳቸውን ጣት ቆረጡ። አቶ ሀብተሥላሴ እንደተፈቱ በጉልበታቸው ወደቁ። አፋቸው ውስጥ የቀረውን ፉርሽካ ተፉ።

«አበልጅ…» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

«ቁልፉ ልጅህ ኪስ ውስጥ ነው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «አውጣው።»

ጉታን ጭነቱ ላይ፣ ባልተቀደዱት ጆንያዎች መሐል አስተኙት። አባቱ ራሱን አቅፈው ተቀመጡ። አቶ ሀብተሥላሴ መሪውን በግራ እጃቸው ያዙ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ የሞተ ነገር ይመስል ነበር። በተነፈሱ ቁጥር ጎናቸው ይወጋቸዋል፤ አተነፋፈሳቸው አጭር አጭር ነው።

«ማርሹን አንቺ ትቀይሪያለሽ» አሏት። «እኔ እግሬን ስረግጥ። አንደኛ።»

ዱሬቲ ማርሹን ገፋችው። መኪናው ተንደርድሮ ወጣ።

«ሁለተኛ። ወደ ታች ሳቢው። አዎ።»

በኮረኮንቹ ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለቱንም ሰዎች፣ ፊት ያለውንም ኋላ ያለውንም ያስጮኻቸው ነበር። አንድ ቦታ ላይ አቶ ሀብተሥላሴ ዓይናቸው ተገለበጠና መኪናው ወደ ቦይ አዘነበለ፤ ዱሬቲ መሪውን ይዛ «ጋሽ ሀብቴ! ጋሽ ሀብቴ!» እያለች ጉንጫቸውን መታቻቸው። ነቁ።

«ለምን ይነዱለታል?» አለቻቸው፤ ጥያቄው ሳታስበው ነው የወጣው።

«ሦስተኛ» አሉ። ጥቂት እንደሄዱ «እኔ እጄ ላይ ነው ያለቀሰው» አሉ። «ቄሱ ውሃውን ሲያፈሱበት። እንዴት ብዬ በረት ውስጥ ልተወው?» ከዚያ በኋላ እንጭኒ እስኪደርሱ ከማርሽ ቁጥር በቀር አልተናገሩም።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለሙያዎቹ ጉታን በቃሬዛ ሲወስዱት የአቶ ሀብተሥላሴ ሚስት ወይዘሮ ደስታነሽ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ሮጠው ደረሱ። የባላቸውን ፊት ሲያዩ መጮኽ አቃታቸው። ኦቦ ደቻሳ የልጃቸው ደም እስከ ደረታቸው ደርሶ እንደራሰ መጥተው ከአቶ ሀብተሥላሴ እግር ላይ ወደቁ። ሰው ሁሉ እያየ።

«ተነስ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ይቅር በለኝ። እያወቅሁ ነው… ላሞቹ መውረዳቸውን እያወቅሁ አንተ ስትደበደብ…»

«ሰምቻለሁ። ተነስ ደቻሳ።» ዝቅ ብለው ሊያነሷቸው አልቻሉም፤ ጎናቸው አልፈቀደላቸውም። «ልጁን አድርሼልሃለሁ። እግዚአብሔር ካለ ይድናል። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ደጄን አትርገጥ። ሽማግሌም አትላክብኝ። ልጁ ስላልነገርከው አያውቅም ነበር፤ እሱ ጨካኝ ሆነ። አንተ ታውቅ ነበር።»

በሚስታቸው ትከሻ ተደግፈው ወደ ውስጥ ገቡ። ወደ ኋላ አልዞሩም።

ጉታ በሕይወት ቀረ፤ እግሩ ግን ከጭኑ ተቆረጠ። ይህን ዱሬቲ የሰማችው ኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እሷ እጇን እንኳ በደንብ ሳትታጠብ ባጃጅ ይዛ ወደ ቡርቃ እየተመለሰች ነበር። ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት ሄዶ ቆመ፤ የቀረውን በእግሯ ሄደች።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። የኦቦ ደቻሳ ግቢ ጸጥ ብሏል። ቡሬ ከላሞቹ ሬሳ መሐል እንደቆመች ናት። ዋቆን ማንም አላነሳውም። ሁሉም ሸሽቶ ነበር። አጠገቡ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አውልቃ ፊቱን አልብሳዋለች፤ በእጇ ዝንብ ታባርራለች። ኡርጂ ናት።

ዱሬቲ ራቅ ብላ ቆመች። «አዴ ኡርጂ…»

ሴትዮዋ ቀና ሳትል «ጉታ ነው የገደለው ይላሉ» አለች። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ከብቱ ከታች መብላቱን ማን ነገረው? ባሌ አይናገርም። ለእኔ እንኳ የነገረኝ በማተቡ አስምሎኝ ነው።»

ዱሬቲ በመንገድ ላይ ሌላ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ስለ ታሰረው ሰው፣ ስለ አይጥ መርዙ፣ ሌላ ምርጫ ስለ ማጣቷ ልትናገር አስባ ነበር። አሁን አንዱም ከአፏ አልወጣም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ላሟን ከፍቼ ተክሉን ያወቅሁት እኔ ነኝ። የት እንደሚበቅል አልተናገርኩም። ግን አወቁት።»

ኡርጂ ያን ጊዜ ቀና አለች። ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ደም የደረቀበትን ክንዷን፣ ጫማዋን፣ ፊቷን።

«ያልሽው ውሸት ነበር?»

«አይደለም።»

ኡርጂ ዝንቦቹን አንድ ጊዜ አባረረች። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፤ ወደ ባሏ ራስ ዞራ ሁለት እጆቿን በብብቱ ሥር አስገባች።

«እንግዲያ እግሩን ያዢልኝ» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው ያለው።»

ዱሬቲ ጎንበስ ብላ ያዘች። ዋቆ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በተደፋው ፉርሽካ ላይ እየተንገዳገዱ ተሸክመውት ከግቢው ወጡ።